ሥርዓተ ክወና ያጣ አሮጌ ኮምፒውተር ዳግም ነፍስ የሚዘራበት መንገድ

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተሮቻቸውን በየጥቂት ዓመቱ በአዲስ ይተካሉ። ከአገልግሎት የወጡት ማሽኖች በርካሽ ይሸጣሉ፣ ለበጎ አድራጎት ይሰጣሉ፣ አንዳንዴም ለሠራተኞች ይታደላሉ። ከዚያ በፊት ግን የተቋሙ ምስጢር አብሮ እንዳይወጣ ሲባል ብዙውን ጊዜ ሃርድ ዲስካቸው ይነቀላል፤ ወይም በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ተቀባዩ ማሽኑን ቤቱ አድርሶ ሲያበራው የሚገጥመው ጥቁር ስክሪንና አንድ መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። መልእክቱ በአማርኛ ሲፈታ «ሥርዓተ ክወና አልተገኘም» ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ተስፋ የሚቆርጠው ሰው ብዙ ነው። ማሽኑ ምድር ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ይከርምና በመጨረሻ ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ ደግሞ፣ አካላቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዊንዶውስ 11ን መቀበል የማይችሉ ኮምፒውተሮች ተመሳሳይ ዕጣ ተደቅኖባቸዋል።

ያ ጥቁር ስክሪን ግን የሞት መርዶ አይደለም። መልእክቱን ለመጻፍ የቻለ ማሽን አብዛኛው አካሉ እንደሚሠራ በራሱ አንደበት መስክሯል። የጎደለውን ለመሙላት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቅደም ተከተሉን ማወቅ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ግን የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ፎቶግራፍ በደቂቃዎች ሊጠፋ፣ ከባሕር ማዶ የተላከ ማሽንም ሶኬት ላይ በተሰካበት ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል።

ጥቁሩ ስክሪን ምን ይናገራል?

ሥርዓተ ክወና ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ዲስኩንና ሌሎቹን የማሽኑ ክፍሎች እያስተባበረ ለተጠቃሚው ፕሮግራሞች የሚያቀርብ ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ፣ ማክኦኤስና ሊኑክስ በዚህ ስም ይጠራሉ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ግን መጀመሪያ የሚነቃው ሥርዓተ ክወናው አይደለም። በማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ባዮስ የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ይቀድማል። ይህ ፕሮግራም ሃርድ ዲስኩ ቢነቀልም አይጠፋም።

ባዮስ መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ኪቦርዱን ይፈትሻል። ፍተሻው ሲያበቃ በተሰጠው ተራ መሠረት ዲስክ፣ ሲዲ ወይም ፍላሽ እያሰሰ ሥርዓተ ክወና የሚያስነሳ ነገር ይፈልጋል። በቆየው አሠራር የሚያነበው የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ብቻ ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ቀጣዩን ፕሮግራም የሚጠራ አጭር ትእዛዝ ይገኛል፤ የተጠራው ፕሮግራም ደግሞ በተራው ሥርዓተ ክወናውን ያስነሳል። ዩኢኤፍአይ የተባለው አዲሱ አሠራር በዚህ ፈንታ ዲስኩ ላይ ከተለየ ክፍል አንድ ፋይል ፈልጎ ያነብባል። ሂደቱ በእንግሊዝኛ «ቡት» መባሉ የራሱን ጫማ ማንገቻ ይዞ ራሱን ወደ ላይ ከሚያነሳ ሰው ምሳሌ የመጣ ነው፤ ትንሹ ፕሮግራም ትልቁን ያነሳልና።

ስለዚህ «ሥርዓተ ክወና አልተገኘም» የሚለው መልእክት ከታየ፣ የኃይል ማከፋፈያው፣ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ማዘርቦርዱና የምስል ክፍሉ ሥራቸውን ሠርተዋል ማለት ነው። ተፈልጎ የታጣው ዲስኩ ላይ ያለው ወይም የነበረው ሶፍትዌር ነው። ምንም ምስል የማይታይ ከሆነ፣ ማሽኑም በድምፅ ወይም በመብራት ምልክት ብቻ የሚናገር ከሆነ ግን ችግሩ የአካል ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

መልእክቱ አንዳንዴ ሊያሳስት እንደሚችልም መታወቅ አለበት። ተረስቶ የቀረ ባዶ ፍላሽ ባዮሱን መንገድ ሊያስተው ይችላል። በጉዞ ወቅት የዲስኩ ገመድ ሊላላ ይችላል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ ደግሞ የዲስኮቹ ተራ ሊዘበራረቅ ይችላል። ስለዚህ ወደ ሌላ እርምጃ ከመሄድ በፊት ፍላሾችን ሁሉ ነቅሎ፣ ገመዱን አጥብቆ፣ የባዮሱን ተራ አይቶ እንደገና ማስነሳት ይገባል። ምንም ሳይጫን የሚድን ማሽን ጥቂት አይደለም።

ከ«ፎርማት» በፊት

በኢትዮጵያ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው መድኃኒት «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ቃሉ ሥርዓተ ክወናን እንደገና መጫን የሚል ትርጉም ይዞ ቢለመድም፣ በትክክል ሲፈታ ዲስኩን እንደ አዲስ ባዶ ማድረግ ማለት ነው። ሥርዓተ ክወናው የተበላሸበት ዲስክ ደግሞ ባዶ ላይሆን ይችላል። የሠርግ ፎቶ፣ የልጅነት ቪዲዮ፣ የስደት ጉዳይ ሰነድ፣ ያልታተመ ጽሑፍ ሳይነካ በውስጡ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ማሽኑ አሮጌ ዲስኩን እንደያዘ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ ያንን ማዳን ነው። መንገዱም ቀላል ነው። ከዚህ በታች በተገለጸው አኳኋን በፍላሽ ላይ የሚዘጋጅ ሊኑክስ፣ ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጭንና ሳይጽፍ ኮምፒውተሩን ማስነሳት ይችላል። በዚህ መንገድ የተነሳው ማሽን የድሮውን የዊንዶውስ ዲስክ ይከፍታል፤ ፋይሎቹም ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገለበጣሉ። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ ቁልፍ ተመስጥሮ ከነበረ ግን 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ያስፈልጋል።

ከዲስኩ የተደጋገመ የቅጭልጭልታ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ወይም ፋይል ሲገለበጥ ደጋግሞ የሚቆም ከሆነ፣ አካሉ እየከዳ ነው። እንዲህ ያለውን ዲስክ ደጋግሞ ማብራት ጉዳቱን ያባብሳል። እጅግ አስፈላጊ የሆነውን አስቀድሞ መገልበጥ፣ ምትክ የሌለው ነገር ካለበትም ማሽኑን አጥፍቶ ለባለሙያ መስጠት ይመረጣል።

በዚህ ረገድ አማርኛ ጸሐፊዎችን የሚመለከት አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለኪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ በልማድ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ብዙ ሰነድ ተጽፏል። በዚያ አሠራር የተጻፈ ጽሑፍ የራሱ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር መስሎ ይታያል። ሰነዱ ተበላሽቷል ብሎ መጣል ስህተት ነው። በድሮው የዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ ያሉት የፎንት ፋይሎች አብረው ከተገለበጡ ጽሑፉ ተመልሶ የሚነበብበት ዕድል ሰፊ ነው። ዲስኩ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ግን ፎንቱን ከየትም ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል።

አካልን መመርመር

ለምሳሌ በየመሥሪያ ቤቱ በብዛት ያገለገለውንና በሁለተኛ እጅ ገበያ ዛሬም የሚገኘውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780 መመልከት ይቻላል። ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ2009 ገበያ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በብዛት ኢንቴል ኮር 2 ዱኦ ፕሮሰሰር ተገጥሞለት ይገኛል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኢ8400 በ3 ጊጋኸርዝ ፍጥነት የሚሠሩ 2 ኮሮች አሉት፤ 64 ቢትም ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ወሳኝ ነው። የዛሬዎቹ ሥርዓተ ክወናዎች አብዛኞቹ 64 ቢት ፕሮሰሰር ይጠይቃሉ። 32 ቢት ብቻ የሆኑት ከዚያ የቆዩ ማሽኖች ምርጫቸው እየጠበበ መጥቷል፤ ለረጅም ዘመን ሲደግፋቸው የኖረው ዴቢያን እንኳ በ2025 ከወጣው 13ኛ ዕትሙ ጀምሮ መጫኛ አያዘጋጅላቸውም።

ሽፋኑ ከመከፈቱ በፊት የኤሌክትሪክ ገመዱ ይነቀላል፤ ከዚያም በውስጡ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ይያዛል። በሰውነት ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ቺፖችን እንዳይጎዳ አስቀድሞ ያልተቀባ የብረት ክፍል መንካት ያስፈልጋል። የኃይል ማከፋፈያው ሳጥን ራሱ ግን ተነቅሎም ቢሆን አደገኛ ኃይል ሊይዝ ስለሚችል ፈጽሞ አይከፈትም።

ከዚያ የሚከተለው ጽዳት ነው። በማራገቢያዎቹና በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል የተጋገረው አቧራ ሙቀት ያፍናል፤ የጋለ ፕሮሰሰር ደግሞ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይም ማሽኑን ያጠፋል። አቧራው በለስላሳ ብሩሽና በታመቀ አየር ይወገዳል፤ ማራገቢያው ግን በአየሩ ግፊት እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ አለበት።

በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ በርሜል መሰል ካፓሲተሮችም መታየት አለባቸው። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን ይገባዋል። ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካወጣ ቦርዱ ዕድሜው እያለቀ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በተሠሩ ማሽኖች ላይ ይህ ችግር በስፋት ታይቷል።

ራም በሚጨመርበት ጊዜ ትውልዱን መለየት ያሻል። ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 ሁለቱም 240 እግር ቢኖራቸውም በጠርዛቸው ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። በኃይል መግፋት ሁለቱንም ይሰብራል። ከላይ በምሳሌነት የተነሳው ማሽን የሚቀበለው ዲዲአር3ን ነው።

በመጨረሻ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ትለወጣለች። መጠሪያዋ ሲአር 2032 ሲሆን በየሰዓት መሸጫው ትገኛለች። ይህች ባትሪ ካለቀች ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። የቀን ስህተት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ብራውዘሮች የድረ ገጾችን የደኅንነት ምስክር ወረቀት የሚያመሳክሩት በቀን ነውና፣ ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር የባንክም ሆነ የኢሜይል ገጽ አልከፍትም ይላል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የጎርጎርዮሳዊውን የዘመን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የያዝነው ዓመት በባዮስ ውስጥ ቢሞላ ማሽኑ ሳይከራከር ይቀበለዋል፤ ነገር ግን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይቀራል።

የትኛው ሥርዓተ ክወና?

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ፣ ዩኢኤፍአይ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ በመሠረቱ የሚቀበለው 8ኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ነው። የ2009 ማሽን ይህን አያሟላም። በጎኑ የተለጠፈው የዊንዶውስ 7 ቁጥር ይነበብ ይሆናል፤ ዊንዶውስ 7 ግን ከጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ወዲህ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም። ከማይታወቅ ምንጭ የተገኘ «ክራክ» የተደረገ ዊንዶውስ መጫን ደግሞ ቁልፉን ለማያውቁት ሰው ሰጥቶ ቤት እንደመተኛት ነው፤ ፕሮግራሙን የሰበረው ሰው ሌላ ምን እንደጨመረበት ማረጋገጥ አይቻልም።

የቀረው መንገድ ሊኑክስ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችል ነጻ ሥርዓተ ክወና ለመሥራት እ.ኤ.አ. በ1983 «ግኑ» የተሰኘውን ፕሮጀክት አስታወቀ። የዚያ ሥርዓት እምብርት የሆነው ክፍል ግን ገና አልተጠናቀቀም ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1991 የ21 ዓመቱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ለራሱ ኮምፒውተር እየጻፈው ስላለው ሥርዓት ይፋ አደረገ። ሁለቱ ጥረቶች ሲገናኙ ዛሬ ሊኑክስ የሚባለው ተወለደ። በእያንዳንዱ የአንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያለው እምብርት ሊኑክስ ነው፤ ከ2017 ማብቂያ ወዲህ በዓለም ቀዳሚ ተብለው የሚመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮችም በሙሉ የሚሠሩት በእርሱ ነው። ይኸው ሥርዓት ጋራዥ ውስጥ የተረሳውን ማሽንም ያለ ክፍያ ያገለግላል።

ሊኑክስ በልዩ ልዩ ስርጭቶች ይቀርባል። ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ሊኑክስ ሚንት ተስማሚ ነው፤ ምናሌው ከታች በግራ በኩል የሚገኝ በመሆኑ ብዙ ግራ አያጋባም። አቅሙ ለደከመ ማሽን «ኤክስኤፍሲኢ» የተባለው ቀለል ያለ ዕትሙ ይመረጣል። የሚጠይቀው ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ነው፤ ለምቾት ግን 4 ጊጋባይት ራምና 100 ጊጋባይት ዲስክ ይመከራል። በ2024 የወጣው ሊኑክስ ሚንት 22 እስከ 2029 ድረስ የደኅንነት ማሻሻያ ይደርሰዋል። ይህም ማለት ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ የተሠራ ማሽን ዛሬም ወቅታዊ ጥበቃ ያለው ሥርዓት ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

የመጫኑ ሂደት

ሥራው የሚጀምረው በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ነው። ከሊኑክስ ሚንት ይፋዊ ድረ ገጽ የመጫኛው አይሶ ፋይል ይወርዳል። ፋይሉ በመንገድ ላይ አለመበላሸቱንና በሌላ ሰው አለመነካቱን ለማወቅ በገጹ ላይ የተሰጠው መለያ ቁጥር ከወረደው ፋይል ቁጥር ጋር ይመሳከራል። ከፋይሉ አንዲት ቅንጣት ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ይለያል። ብዙ ሰው ይህን እርምጃ ይዘልለዋል፤ በመጫን መካከል ለሚፈጠር ምክንያቱ ለማይታወቅ ብልሽት አንዱ መነሻ ግን ሳይጠናቀቅ የወረደ ፋይል ነው።

ቀጥሎ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይዘጋጃል። አይሶ ፋይሉን እንደ ማንኛውም ፋይል ፍላሹ ላይ መገልበጥ ብቻ አይበቃም፤ ባዮሱ ሊያነሳው በሚችል መልክ መጻፍ አለበት። ለዚህ ሩፉስ ወይም ባሌና ኤቸር የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ያገለግላሉ። በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ ልብ ይሏል።

ፍላሹ ተሰክቶ አሮጌው ኮምፒውተር ሲበራ የማስነሻ ምርጫው ይጠራል። በዴልና በሌኖቮ ማሽኖች ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ደግሞ ኤፍ 9 የተባለው ቁልፍ ደጋግሞ ይነካል። ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹ ሲመረጥ ሊኑክስ ዲስኩን ሳይነካ ይነሳል። ከላይ የተጠቀሰው ፋይል የማዳን ሥራ የሚከናወነው በዚህ ደረጃ ነው። ድምፁ፣ የስክሪኑ ጥራት፣ ኪቦርዱና ኢንተርኔቱም በዚሁ ጊዜ ይሞከራሉ።

አብዛኞቹ የመሥሪያ ቤት ዴስክቶፖች ዋይፋይ የላቸውም። የኔትወርክ ገመድ ከሌለ የአንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ተገናኝቶ ኢንተርኔቱን እንዲያጋራ ማድረግ ይቻላል፤ ሊኑክስ ስልኩን ብዙውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር ይለየዋል።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ በስክሪኑ ላይ ያለው የመጫኛ ምልክት ይከፈታል። ቋንቋ፣ የኪቦርድ ዓይነት፣ የሰዓት ቀጠና፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ከሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው ስለ ዲስክ የሚቀርበው ጥያቄ ነው። «ዲስኩን አጥፍቶ መጫን» የሚለው ምርጫ መመለሻ የለውም። ማሽኑ ከአንድ በላይ ዲስክ ካለው፣ ወይም ፋይል የዳነበት ውጫዊ ዲስክ እንደተሰካ ከሆነ፣ የሚጠፋው የትኛው እንደሆነ በስሙም በመጠኑም ማረጋገጥ ይገባል። ውጫዊውን ዲስክ አስቀድሞ መንቀል ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ሲጠናቀቅ ፍላሹ ይነቀልና ማሽኑ እንደገና ይነሳል። ፋየርፎክስ ብራውዘርና ሊብሬኦፊስ የተባለው የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ፕሮግራም አብረው ተጭነው ይገኛሉ። የመጀመሪያው ተግባር ማሻሻያዎችን ማውረድ ነው። አማርኛ ለማንበብ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ያሉ ነጻ ፎንቶች አሉ፤ ለመጻፍ ደግሞ በኪቦርድ ማስተካከያው ውስጥ የአማርኛ አቀማመጥ መጨመር ይቻላል።

ፍጥነቱ ከየት ይመጣል?

ዳግም ነፍስ የዘራ ማሽን አዝጋሚ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በፕሮሰሰሩ ያላክካል፤ ዋናው ማነቆ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ የሚዞረው 120 ጊዜ ብቻ ነው። አንድ መረጃ ለማግኘት በአማካይ የግማሽ ዙር ያህል፣ ማለትም ከ4 ሚሊሰከንድ በላይ መጠበቅ አለበት፤ የማንበቢያው ክንድ ወደ ቦታው የሚጓዝበት ጊዜ ሲጨመር ከ10 ሚሊሰከንድ ያልፋል። ሥርዓተ ክወና ሲነሳ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ያነብባል። ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ያንኑ መረጃ በ0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ያቀርባል።

በዚህ ምክንያት ለአሮጌ ዴስክቶፕ ከሁሉ የሚጠቅመው ወጪ አነስተኛ ኤስኤስዲ መግዛት ነው። የድሮው ማዘርቦርድ የዲስክ መስመር የኤስኤስዲውን ሙሉ ፍጥነት ባያስተናግድም፣ የመጠበቂያው ጊዜ ስለሚያጥር ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ሁለተኛው ራም ነው። የዛሬ ድረ ገጾች ከባድ ናቸውና በ2 ጊጋባይት ሥራ ቢጀመርም 4 ይሻላል፤ 8 ደግሞ ምቾት ይሰጣል።

ወደ አገር ቤት ሲላክ

እንዲህ የታደሰ ማሽን ለዘመድ ተማሪ ወይም ለአካባቢ ትምህርት ቤት እንዲደርስ ወደ ኢትዮጵያ የሚልክ ሰው ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉን ሥራ ከንቱ የሚያደርግ አንድ ትንሽ ነገር አለ። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የኢትዮጵያው 220 ነው። በበርካታ አሮጌ ኮምፒውተሮች ጀርባ ከኤሌክትሪክ መሰኪያው አጠገብ «115» እና «230» የሚል ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ ይገኛል። ማንሸራተቻው 115 ላይ እንዳለ ማሽኑ በኢትዮጵያ ሶኬት ላይ ከተሰካ የኃይል ማከፋፈያው ወዲያው ይቃጠላል። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት 230 ላይ ማድረግና ይህንኑ የሚያስታውስ ወረቀት መለጠፍ ብልህነት ነው። ማንሸራተቻ ከሌለው የተለጠፈው ጽሑፍ ይነበባል፤ «100–240» የሚል ከሆነ በሁለቱም ይሠራል። ሞኒተሩም በዚሁ መንገድ ይፈተሻል።

ዴስክቶፕ እንደ ላፕቶፕ ባትሪ ስለሌለው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የቮልቴጅ ማመጣጠኛ፣ ቢቻል ደግሞ ዩፒኤስ ያስፈልገዋል። ኢንተርኔት ለማይደርስበት ትምህርት ቤት ኪዊክስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን አስቀድሞ ጭኖ መላክ ይቻላል፤ ማሽኑ ያለ መስመር ቤተ መጻሕፍት ይሆናል።

ላኪው የራሱን ምስጢርም መጠበቅ አለበት። ፋይል መሰረዝ ወይም በፍጥነት ፎርማት ማድረግ የሚያጠፋው ማውጫውን እንጂ መረጃውን አይደለም፤ መረጃውን መልሶ ማውጣት ይቻላል። ሃርድ ዲስክ ከሆነ ሙሉው ስፋቱ በዜሮ እንዲጻፍበት ይደረጋል። ለኤስኤስዲ አምራቹ የሚያቀርበው የማጥፊያ መሣሪያ ይመረጣል።

ሁሉም አይዳንም

ካፓሲተሩ ያበጠ፣ 32 ቢት ብቻ የሆነ፣ ራሙ ከ1 ጊጋባይት የማያልፍ ማሽን የሚጠይቀው ድካምና ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ጥቅም ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ወደ አገር ቤት መላክ ስጦታ ሳይሆን ቆሻሻን ማሻገር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2024 ያወጡት ዘገባ እንደሚያስረዳው በ2022 ብቻ ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርታለች። ከዚህ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። በማሽኖቹ ውስጥ እርሳስን የመሰሉ መርዛማ ብረቶች አሉ፤ በዘፈቀደ ሲቃጠሉና ሲጣሉ አፈርና ውኃ ይበክላሉ። ስለሆነም የማይድነው ማሽን በሚገኝበት አገር ለመልሶ መጠቀሚያ ማዕከል መሰጠት አለበት፤ ጤነኛው ራም፣ ዲስክና የኃይል ማከፋፈያ ግን ተነቅሎ ሌላውን ማሽን ሊያድን ይችላል።

መዳን የሚችለው ግን ሲድን ጥቅሙ ሁለት ነው። አንድ ማሽን ከቆሻሻ ክምር ይተርፋል፤ አንድ ተማሪም የሚጽፍበትና የሚያነብበት ያገኛል። ለዚህ የሚጠይቀው አንድ ፍላሽ፣ አንዲት ባትሪ፣ ቢቻል አንድ አነስተኛ ኤስኤስዲና ግማሽ ቀን ትዕግሥት ነው። ቅደም ተከተሉ ብቻ አይዛነፍ፤ ገመዱንና ቮልቱን ማየት ይቀድማል፣ የዲስኩን ይዞታ ማዳን ይከተላል፣ ማጥፋትና መጫን የመጨረሻው ነው።